የቀረውን ማን ይቀበል

ሲናን፣ ከሮብ ገበያ ወዲህ
ጥር 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት ገዳሙ
ድሬዳዋ

የኔ ዓለም፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህስ ውርጩ የመስኖውን ድንች ከነቅጠሉ አጥቁሮት አደረ። አንቺ በአንሶላ ስታድሪ እኔ በሁለት ጋቢ እንቀጠቀጣለሁ፤ እግዜር ሲያካፍል እንዲህ ነው። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል። አባትሽ «ቀለሙ የኮረዳ ነው» ብለው ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ገበያ ለብሼው ወጣሁና ሴቱን ሁሉ አስቀናሁት።

ልደውልልሽ አስቤ ነበር። የሮብ ገበያውን ስልክ ግን ታውቂው የለ፤ ካልጮኹ አይሰማም፣ ከጮኹ ደግሞ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ይሰማል። የምነግርሽ በጩኸት የሚነገር አይደለም። ስለዚህ በዚች በመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቴ ሞነጫጨርኩልሽ። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ድረስ፣ ነገ ደብረ ማርቆስ ስለሚወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

በደስ ደሱ ልጀምር። ጎረቤታችን ማሬና የባሏ እህት ታረቁ! ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ ጀርባ ለጀርባ ሲሄዱ የኖሩት፣ ከትናንት ወዲያ በአስተርዮ ማርያም ጎን ለጎን ቆመው ቆረቡ። ከዚህም የሚበልጥ አለልሽ፤ የአገር ሽማግሌው ባዘዘውና አመተ ማርያም ቆረቡ! ሃያ ሁለት ዓመት በሰማንያ ኖረው፣ ስድስት ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው። ባዘዘው ነጭ ኩታ ተከናንቦ እንደ አዲስ ሙሽራ መሬት መሬት ሲያይ፣ አመተ ማርያም በክንዷ ጎነጥ አድርጋ «ቀና በል እንጂ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ልታፍርብኝ ነው?» አለችው። ሴቱ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።

እንዲህ ያደረጋቸው ማነው ብትይ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ ያልገባሁበት ቤት የለም። ሰዉ «የቄስ ገዳሙ ሚስት ልትመነኩስ ነው» እያለ ያወራል። ለምን እንደዞርኩ ግን ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም። ለአንቺ እነግርሻለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ያሳየሽልን ሐኪም ያለችው ትዝ ይልሻል። ደም ቀድተው፣ በጉሮሯቸው ቱቦ ሰደው ሲያበቁ አስቀመጠችንና «አባቴ፣ በሽታዎ ሲሊያክ ይባላል፤ ስንዴና ገብስ አንጀትዎን እየላጠው ነው። መድኃኒቱ መተው ብቻ ነው፣ ዕድሜ ልክዎን» አለች። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሱ በቀር ምን ሰጠኋቸው? ሲከሱ የገብስ ገንፎ፣ ሲደክማቸው በሶ በማር፣ ጠላው መቼም አይቀርም። ገብስ ያበረታል ብዬ! አላስበላ ሲላቸው በእጄ እያጎረስኩ።

ከዚያ ሐኪሟ ሁለት ጣቷን ቆንጠር አድርጋ አሳየችንና «ፍርፋሪም ቢሆን አይሆንም» አለች። ያን ጊዜ እኔ አባትሽን አየሁ፣ አባትሽ የእጅ መስቀላቸውን አዩ፣ አንቺ ደግሞ ወለሉን አየሽ። ሦስታችንም አንድ ነገር እያሰብን፣ ሦስታችንም ሳንጠይቅ ወጣን። አልወቅስሽም፤ እኔም አፌን መክፈት አቅቶኝ ነው።

የቤቱንስ መላ አበጀሁለት። ጤፍ እኛ ዘንድ ከብርዱ የተነሳ አይበቅልም፤ ከሉማሜ ይመጣል። የድሮውን እርሾ ደፍቼ፣ ማሰሮውን በአመድ ፈትጌ፣ በጤፍ ብቻ አዲስ ጀመርኩ። ወፍጮ ቤት ግን ጉድ ነው። ባለወፍጮውን ደምለውን «ገብስ እንዳይነካብኝ ድንጋዩን ጥረግልኝ» ብለው፣ በወረፋው ሁሉ ፊት «እቴ ወለተ ሥላሴ፣ ቄሱ ከገብስ ጋር ተጣሉ እንዴ? ሽማግሌ እንላክ?» ብሎ አሳቀብኝ። ቢሆንም ጠረገ። አሁን ሰኞ ሰኞ ማለዳ፣ የማንም እህል ሳይገባ፣ የእኔን ያስቀድማል።

ሰው ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማሬ የአማቷን ተዝካር ስታወጣ አባትሽ ዳቦውን ባርከው፣ ቆርሰው ለሰው አደሉና እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ማሬ ጓዳ ድረስ ተከተለችኝ።

«ምነው እቴ፣ ቤቴ ረከሰ?»

«ሐኪም ከልክሏቸው ነው» አልኳት።

«ጨው ሲከለክሉ ሰምቻለሁ፣ ጮማ ሲከለክሉ ሰምቻለሁ። ዳቦ የሚከለክል ሐኪም ከየት ያለ ነው! ለዚያውም የባረኩትን ዳቦ!» ብላ ወር አኮረፈችኝ። በኋላ ግን ልቧ ራራ መሰለኝ፣ በማኅበሯ ቀን ማንም ሳይነግራት ድንች ቀቅላ በሳህን ለብቻ አቀረበችላቸው። ሰዉ አፉን ከፍቶ አያት። «ምን ታያላችሁ? የቄስ ድንች አታውቁም?» አለች።

አባትሽም ቀስ በቀስ ቀና አሉ። ግን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር። እሑድ ይቀድሳሉ። ሰኞና ማክሰኞ ሆዳቸው ይነፋና ከጓሮ አይመለሱም። ረቡዕ እንደ አራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ሐሙስ ትንሽ ቀለም ይመጣላቸዋል፤ ቅዳሜ ይስቃሉ። ደግሞ እሑድ ይቀድሳሉ። ይህን ሳምንት በሳምንት አየሁ። ማየት ብቻ።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ይፈራል። ስንዴ ነው ልል አይደለም፤ ምላሴ ይቆረጥ። ከሚጋገርበት ከቤተልሔም የስንዴ ኅብስት ሆኖ ይገባል፣ ከመቅደሱ ሥጋው ሆኖ ይወጣል። ይህንን አምኜ ኖሬያለሁ፣ አምኜም እሞታለሁ። የአባትሽ አንጀት ግን ይህን አልተማረም።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ «ዛሬ የቆረቡት ሦስት ሕፃናት ብቻ ናቸው» አሉኝ አዝነው።

«የቀረውስ?» አልኳቸው።

«የቀረውማ የእኛ የቀዳሾቹ ነው። ለነገ አይቆይም፣ አይወድቅም። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ተቀብለን ነው የምንወጣ።»

መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ስላልመጣው ሕዝብ ያዝናሉ፤ እኔ የቀረውን በልቤ እሰፍራለሁ።

መጀመሪያ አባ ዘመንፈስቅዱስ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ረዳት ሆነው ይቆማሉ እንጂ ዋናውን አይቀድሱም፤ ከሁለቱ በቀር ደግሞ ካህን የለንም። የሌላ አገር ሰው ወሬ እንደምጠይቅ ሆኜ «አባ፣ የቀደሰ ካህን ሳይቀበል ቢወጣስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ወለተ ሥላሴ፣ እሱ ሳይቀምስ ለሰው ጠላ የሚያቀርብ አሳላፊ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም አባ» ብዬ ወጣሁ።

ታዲያ ምን ቀረኝ? የቀረውን ማሳነስ። ቆራቢ ከበዛ ለቀዳሾቹ የሚተርፈው ያንሳል ብዬ አሰብኩ። ሳቂብኝ ከፈለግሽ። ከዚያ ወዲያ ነው እግሬ ቤት ለቤት የወጣው። የተጣላውን አስታረቅሁ፣ ያኮረፈውን ለመንኩ፣ በሰማንያ ያለውን መከርኩ፣ ያዘለችውን «ሕፃኑን አቁርቢው» አልኳት። ማሬን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩባት። «ቁርባን ለአሮጊት ነው፤ እኔ ገና ኃጢአቴን መች ጠገብኩት» እያለች ስትስቅብኝ ቆይታ፣ በሦስተኛው ትክ ብላ አየችኝ። «እቴ፣ አንቺን ያስጨነቀሽ ነገር የእኔ ነፍስ ብቻ አይመስለኝም» አለች። እኔ የነጠላዬን ጥለት ማስተካከል ያዝኩ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን ከግድግዳው ሳበችና «ነይ፣ ወደዚያች ክፉ ሴት ቤት ውሰጂኝ» አለች።

በገና ሃያ ሰው ቆረበ። በአስተርዮ ማርያም ከመቶ በለጠ። አባትሽ ያን ቀን ሲያቆርቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ደስታ ነው አለ። ደስታም ነበረበት።

እኔ ያላሰብኩት ምን መሰለሽ? ኅብስቱም እንደ ቆራቢው ይሰፋል። ዲያቆናቱ «ሰው በዝቷል፣ እንዳያንስብን» ብለው አስፍተው ይጋግራሉ። የሚተርፈው ያው ሆነ። ይባስ ብሎ ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ባዘዘው ራሱ ከፊት ሆኖ፣ «ከእንግዲህ በሁዳዴ እንደ ከተማው በየቀኑ ይቀደስልን» ብለው አባትሽን ለመኑ። አባትሽ እሺ አሉ። ሁዳዴ የካቲት አምስት ይገባል። እስካሁን በሳምንት አንድ ቀንና በበዓል የነበረው አሁን የዕለት ዕለት ሊሆን ነው። ገንፎውን በእጄ ሰጠኋቸው፤ ይህን ደግሞ በእግሬ ዞሬ አመጣሁላቸው።

ትናንት ከሰዓት ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ እግራቸውን አጠብኩላቸው። ውኃው ሙቅ መሆኑን አሁን እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ ጣቶቻቸው አልሰማ ካሉ ቆይተዋል። ወገባቸውን ሁለት ዙር ይይዝ የነበረው መቀነት ሦስት ዞሮም ይተርፋል። ይህን የምጽፍልሽ እንድትደነግጪ አይደለም። ደፈር አልኩና «ታመዋል። ሌላ ካህን ይላክልን ብለው ያመልክቱ፣ እስከ ፋሲካ እንኳ ይረፉ» አልኳቸው።

እግራቸውን ከውኃው አወጡ። ከዚያ «ባዘዘውን ማን አመጣው?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

«ማሬንስ? ቤት ለቤት ስትዞሪ የማላውቅ መሰለሽ? ለምን እንደዞርሽም አውቃለሁ።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬ ያላመጣሁትን ሕዝብ አንቺ በሁለት ወር አመጣሽው። አሁን በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ እኔ ልዝጋበት?»

እግራቸውን በነጠላዬ አደራረቅሁት። ምን እላለሁ? አንቺ ተምረሻል፣ የምትይው ካለሽ ላኪልኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያችን ሐኪም በስልክ አግኝተሽ ያን ቀን ያልጠየቅነውን ጠይቂልኝ። የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ አትንገሪያት። «የምስር ፍሬ የምታህል ፍርፋሪ ብትሆንስ? በየቀኑ ቢሆንስ? ሃምሳ አምስት ቀን የተጎዳ አንጀት ይችላል?» በያት። የምትልሽን ጻፊልኝ። ክፉ ከሆነ አትጻፊው፣ ራስሽ ነይ። ፈቃድ ከከለከሉሽ ግን የሆስፒታሉን አለቆችሽን አታስቀይሚ፤ ለፋሲካም ትደርሻለሽ። አይ፣ ለፋሲካ አትበይ። ከጾሙ በፊት ነይ።

አባትሽ ከጓዳ ሆነው «ለማነው እንደዚህ የምትጽፊው፣ ተአምረ ማርያም እየገለበጥሽ ነው?» ይሉኛል። ለወንጌላዊት ነው ስላቸው «ደኅና ነኝ በያት» አሉ። ብለውሻል።

የወጣሽበት ደጅ በሰላም ይመልስሽ፤ የነካሽው በሽተኛ ይዳን፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ለፊትሽ ጥላ ትሁንልሽ። ልብሱን አውልቆ የሚሰጥሽ ዘመድ እንጂ ስምሽን የሚያነሳ ጠላት አይግጠምሽ።

እኔም እሑድ እቆርባለሁ። አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ ለሁሉም እኩል ነው የሚያቀብሉ፣ ሚስቴ ናት ብለው አያበዙልኝም። ጨምሩልኝ አይባል ነገር፣ በመቅደስ በር ላይ ማን ይናገራል? ሰልፉን ጠብቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እቆማለሁ። ተራዬ ሲደርስ ግን አፌን ከሰው ሁሉ አስፍቼ እከፍታለሁ።

እናትሽ
ወለተ ሥላሴ