የሰዓዳ የብር መርፌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አሁንም ያንኑ ሌንስ እየጠረግኩ ነው። ከአንድ ጤና ጣቢያ ለጥገና የመጣ ማይክሮስኮፕ። ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጅ የማይክሮስኮፑ ዘይት ሲያልቅባት የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርጋበታለች። ያው ዘይት ዘይት ነው ብላ። ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟል። እዚህ ከተማ እንዲህ የማያደርግ ላቦራቶሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ልቆጣት አሰብኩ፤ ሳሸተው ግን ራበኝ። ሽንኩርት ብቻ ነው የጎደለው ብዬ ላክሁባት።

የዘይቱ ነገር ቀላል ነው። በሌንሱና በመስታወቱ መካከል አየር ካለ ብርሃኑ ይባክናል። ትክክለኛው ዘይት ሰብስቦ ያስገባዋል፤ ያኔ የወባዋ ጥገኛ ተሕዋስ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ይህን ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ ማኑዋል፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ ነው የተማርኩት። አንተ ደብተር ምንም አይደንቅህም። የማናግርህም ሌላ ሰው ስለሌለ ነው፤ አትኮፈስ።

ጎረቤት የፈረሰውን ቤት እንደገና እየገነቡ ነው። ቀኑን ሙሉ መዶሻ። ሲያቆም ይባስ ጭር ይላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12። ከጁምዓ በኋላ

ሰዓዳ ደወለች። የእህቴ ልጅ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እዚሁ ሀርጌሳ፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። አሁን ጀርመን አገር ናት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዶክትሬት። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

ሥራዋን እንደገና አስረዳችኝ። ሌንስ የቱንም ያህል ቢጠራ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሰውን ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። እሷ ታዲያ ሌንሱን ትታ የብር ሽቦ በኤሌክትሪክ አሹላ፣ ጫፉ ለዓይን እስኪጠፋ ታቀጥናለች። ጫፉን ልታየው ወደፈለገችው ነገር አስጠግታ ጨረር ታበራበታለች። ብርሃኑ እዚያች ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ሲመለስ ቀለሙን ትንሽ ቀይሮ ነው፤ ከለውጡም ነገሩ ከምን እንደተሠራ ታነባለች። ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ማንነቱን ጭምር።

ችግሩ፣ ብሩ ይጠቁራል። ዛሬ ያሳየው መርፌ ነገ ዕውር ነው። ወራት አለፉ፣ አንድ የሚያስተማምን ሥዕል የለም። ፕሮፌሰሯ ፊታቸው ጠቁሯል አለች። እሳቸውንም ከብር ነው እንዴ የሠሯቸው ብዬ አሳቅኳት።

ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ጠይቀዋታል። ካልተሳካ ትቼው መጣሁ አለች። ከተሳካ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል።

ኢንሻአላህ ይሳካል አልኩ። አፌ ነው ያለው። ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅኩ። ልትመጣ ነው!

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ቤቱን ጠረግኩ። የኋላውን ክፍል፣ የእሷን፣ ከፈትኩ። ፍራሽ አወጣሁ፣ አናፈስኩ።

ፋጡማ፣ በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው፣ ፍራሹን አይታ እንግዳ ነው ወይስ ሙሽራ አለችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ በስደት ስለቆየች አማርኛዋ ከነተረቡ ነው። ስለ ሰዓዳ መርፌ ትንሽ ቅመም ጨምሬ ነገርኳት፤ የጉንዳን ቅንድብ ሳይቀር ያሳያል አልኳት።

«እንግዲያ የባሌን አእምሮ ትፈልግልኝ» አለች።

«እሱን መርፌውም አይደርስበትም።»

እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ደንበኛ መጣና ሄደች። እኔ ቀረሁ። ፓስታ ቀቅዬ ግማሹን ለድመት። ለአንድ ሰው መቀቀል አሁንም አልለመድኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17። ከምሳ በኋላ

ገበያ ውስጥ ብር ሠሪው ጋ ሄድኩ። ብር ሲጠቁር ምን ታደርጋለህ አልኩት። በአመድና በሎሚ አሽቶ ያብለጨልጨዋል። የሴቶች አምባር እያሸ አሳየኝ። ወላሂ እንደ አዲስ።

እስከ ዓርብ መጠበቅ አላስችል ብሎኝ ራሴ ደወልኩ። መፍትሔ አግኝቻለሁ አልኳት። አመድና ሎሚ።

ሳቀች፣ ሳቀች፣ መተንፈስ አቃታት። «አጎቴ፣ ያ ጫፍ እኮ አየር ሲነካው የሚቀየመኝ ነው! አንተ በአመድ ልታሸው?»

እኔም ሳቅኩ። ጫፉ እንደማይተርፍ መገመት አቅቶኝ ነው? ማይክሮስኮፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ልረዳት ነው ወይስ እንዲበላሽባት ፈልጌ? አንተ ደብተር፣ እንዲህ አትየኝ።

እሷ ሌላ ነገር ጀምራለች። መርፌውን መስታወት መሳይ ስስ ቆዳ ልታለብሰው። ቆዳው ከወፈረ ብርሃኑ አይደርስም፤ ከሳሳ ብሩ ይጠቁራል። መካከሉን ፍለጋ ላይ ናት። ዱዓ አድርግልኝ አለች።

አደረግኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፍም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19። ከአስር ሰላት በፊት

ሰዓዳ። ዛሬ ሰላምታም ረሳች። ስልኩን ሳነሳ «አየሁት!» ነው ያለችው።

ከካርቦን የተሠራ ቱቦ፣ ክር መሳይ። አንድ ብቻውን። ቆዳ የለበሰው መርፌ እየዳሰሰ ሲያልፍ ሥዕሉ ላይ መስመር ሆኖ ወጣ። መስመሩ መሐል ላይ ቀለሙ የሚለወጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ቱቦው ሳይጎዳ አይቀርም። ማንም ያላየውን ጉዳት እሷ አየችው። ፍጥነቷን መከተል አቃተኝ። ግማሹ ጀርመንኛ ነው፣ ግማሹ ትንፋሽ።

እዚህ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም።

ቀጥላ ግን ያዝ አደረጋት። አንድ ጊዜ ነው የወጣው። ነገ ላይደገም ይችላል። የዚህኛው ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። አንተም ብቻህን ነህ አለች። ፋጡማ ናት የነገረቻት፣ ፓስታውን ሳይቀር! ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ያለ ቀልድ፣ አጎቴ። ልምጣ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል። ክፍሉ ተጠርጓል፣ ፍራሹ ናፍሷል።

እኔ ምን አደረግኩ? «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» አልኩና ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር። ደግማ ደወለች፣ አላነሳሁም። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20። ረፋድ

ቁርስ አልበላሁም። ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅሪ ብላት ብቻዬን መሆኔን አስባ ትመጣለች። አትምጪ ብላት ተቀይሞ ነው ብላ ትመጣለች። ብዋሽ ታውቃለች፤ እሷን ያሳደግኩት በቀልድ ነው። ስለዚህ እውነት የሆነ ነገር ያስፈልገኛል። የኋላውን ክፍል አከራያለሁ። ሰኞ ሳይደርስ። ከዚያ ደውዬ፣ ክፍልሽ ሰው ገብቶበታል፣ አሁን ብቻዬን አይደለሁም፣ መርፌሽን አልብሺ እላታለሁ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፋጡማን ትጠይቃለች፤ ፋጡማም አዎ ገብቷል ትላለች።

ከቀኑ 9 ሰዓት

ሰው ተገኘ። ሙክታር የሚባል የበርበራ መስመር ሾፌር፣ የድሬዳዋ ልጅ። ፋጡማ ናት ያመጣችው። ግዙፍ ነው፤ ሲስቅ ቆርቆሮው ይነቃነቃል። ታንኮራፋለህ ወይ ስለው፣ ሳንኮራፋ የመኪናዬ ሞተር እንኳ አይሰማም አለኝ። ወደድኩት።

ክፍሉን አየ። ግድግዳው ላይ የሰዓዳ የትምህርት ቤት ፎቶ አለ፤ እሱን ላንሳው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ይቀመጥ፣ አያስቸግረኝም አለ። ሻንጣውን አስገባ።

ለስንት ጊዜ ነው የምትፈልገው አልኩት። ለአንድ ወር፣ መኪናው ጥገና ላይ ስለሆነ ነው አለ።

አይሆንም አልኩት። ይህ ክፍል የሚከራየው ለሦስት ዓመት ነው።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ሲያይ ፋጡማን አየ። እሷም አልሳቀችም። አሁን በር ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ እያሰበበት ነው። እኔም ወጥቼ አጠገቡ ልቀመጥ፤ እሺ እስኪል አልነሳም።