ወደ ግራ የሚጠብቅ

ሰኞ፣ ሜይ 12

ደንበኛዬ ከርቲስ ለጥገና ያመጣውን ሽጉጥ ከፈትኩት። ቃታው ደርቋል፣ ጥይት የሚጎርሰው ሲሊንደር አልዞር ብሏል። ምን ይሆናል? ያው… ኮከብ የምትመስለው የቀለሃ ማውጫ ስር የባሩድ ፍርፋሪ ገብቶ ነው። በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፣ አለቀ። "አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገህ አራግፍ ብዬህ አልነበር?" ስለው ሳቀ። "ዋንዳ፣ ላይል ግን ያንቺ ጥገና ነው ያነቀው እያለ ቁርስ ቤት ሲያወራ ነበር።"

ላይል። እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ሙያ ያስተማርኩት ላይል። ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፍቶ ስሜን ያጠፋል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። ቆይ ብቻ… የእጁን ባልሰጠው።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

በግ አርቢዋ ኦፓል የሽጉጥ ዘይት ሊገዙ መጡ። የሽጉጣቸው ሲሊንደር አልከፈት ብሏቸው ላይል ጠግኖላቸዋል። "እስኪ ልየው" አልኩ። ብርሃን ላይ አገላበጥኩት። በርሜሉ ስር ያለው ዘንግ ትንሽ ወጣ ብሏል። "ላልቷል ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀልኝ" አሉ።

ወደ ቀኝ ነዋ ያዞረው! የዚህ ሽጉጥ ዘንግ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። አስተምሬው ነበር። ረስቶታል፣ ደደብ። ትንሽ ከተተኮሰበት ዘንጉ ተፈቶ ይወጣና ሲሊንደሩን ቀጥ ያደርገዋል።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር… ዋጥኩት። ቅዳሜ ኦፓል የሚተኩሱበት የተኩስ ክለቡ ውድድር ነው። ከተማው ሁሉ እያየ የላይል ጥገና አልተኩስ ይበል። "ጥሩ ነው" ብዬ መለስኩላቸው። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ሜይ 16

የላይልን ፊት እያሰብኩ ዋልኩ። ምን ይል ይሆን? ይበለው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ኦፓል ውድድሩ ላይ የሉም። "እማዬ በጎቹ ጋ ወጥታለች" አለችኝ ልጃቸው። "ግልገሎቿን ያስከተለች ድብ ታይታለች። ግን ሽጉጧን ይዛለች፣ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው?"

ፒንሳዬን አንስቼ ወደ በጎቹ ከነፍኩ። መኪናውን እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም… ኦፓል አጥሩ ጋ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ድቧ ሄዳለች፣ ሜዳው ላይ የተቦጫጨቀ በግ ተጋድሟል። "ላስደነግጣት ወደ ሰማይ ሁለቴ ተኮስኩ። ከዚያ ቃታው እምቢ አለኝ። መኪናው ውስጥ እንዴት እንደገባሁ እንጃ" አሉ። ሽጉጡን በመስኮቱ አቀበሉኝ። ዘንጉን በፒንሳ ይዤ ወደ ግራ አዞርኩት። ሲሊንደሩ ተከፈተ።

ኦፓል እጄን አዩ። "ሐሙስ ዕለት አይተሽው ነበር፣ አይደል?"

ፒንሳውን ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

ጠዋት ላይል መጣ። ሱቁ ውስጥ ሰው እያለ ኮፍያውን አወለቀ። "ኦፓል ነገሩኝ። ወደ ግራ… ነግረሽኝ ረስቼው። ነፍስ አተረፍሽ፣ እኔንም ከጉድ አወጣሽኝ። ስላንቺ ያወራሁት ውሸት ነበር፣ ቁርስ ቤትም ተናግሬያለሁ።" እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት፣ ምን ላድርግ? አሁንም አልወደውም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሞላ። ስሜ ተመለሰ። የፈለግኩት ይሄው አልነበር?

ሐሙስ ዕለት አይቼ መደበቄን ኦፓል ለማንም አልተናገሩም። አመሻሽ ላይ የሟች ባለቤታቸውን ጠመንጃዎች ለማስጠገን ጭነው መጡ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። "እንደምን ዋሉ?" አልኳቸው። ሰምተዋል። ዞር ብለው ሳያዩኝ ላይል ጋ ገቡ።