ቁጥሩ እውነት፣ መንገዱ ውሸት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከኩሽናው መስኮት ሥር

ይድረስ ለወንድሜ ለማንኪያ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? በእጄ ከጻፍኩ ዘመን ስለሆነኝ በፊደሌ አትሳቅብኝ። በየጠዋቱ በስልክ ቡድናችን የእርምጃ ቁጥር እየተለዋወጥን ወረቀት ምን አስፈለጋት እንደምትል አውቃለሁ። እዚያ የምጽፈውን ዘጠኛችሁም ታነቡታላችሁ፤ ልጄም ከሥራ ሲገባ "እስቲ ስልክሽን ልየው እማዬ" ይላል። ይህን ግን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። አድራሻህን ያገኘሁት የእንጨት ማንኪያውን ከላክህበት እሽግ ላይ ነው። ቆርጬ አስቀምጬው ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው! ኢንተርኔት የሚባለው ነገር በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገባበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? የውሃ ቢሯችን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረው። ከቤት ቤት እየዞርኩ ቆጣሪ ሳነብ እውልና፣ የቀኑን ንባብ አስገብቼ ስጨርስ ቀስ ብዬ "ማዕድ ቤት" የተባለው ገጻችን እገባለሁ። አለቃዬ የስልኩን እጀታ ጨብጦ "ማነው መስመሩን የወሰደው?" እያለ ሲጮህ፣ እኔ እዚያ ገጽ ላይ ከእናንተ ከምግብ ወዳዶቹ ጋር ስለ ድንች እከራከራለሁ። በገጹ ስማችን እኔ ቆጣሪ፣ አንተ ማንኪያ፣ ያቺ ነርስ ደግሞ አልጠግብ ባይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድ መስዬህ "ወንድሜ ቆጣሪ" ስትለኝ ዝም ብዬ ሳቅኩብህ።

ባሌ የሞተ ሰሞን ግን ምግብ አልወርድ ሲለኝ፣ የድንች ሾርባህን አሠራር እንደ ሐኪም ማዘዣ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ሽንኩርቱ ሳይቀላ ይለስልስ፣ ድንቹ በቀስታ እሳት ላይ ይፍረስ፣ ወተቱ ይከተል፣ ጨው መጨረሻ ላይ። "ጨው ካስቀደምሽ ሁለተኛ አታናግሪኝ" ብለህ ነበር። ያን ቀን እያለቀስኩ ሁለት ሳህን በላሁ። ሞቼም የማልረሳው ነገር ቢኖር ያ ጨው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቅዳሜ መጋቢት 21 እመጣለሁ፣ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በየቀኑ የምታርፊበት ወንበር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ አብረን ወንዝ ወንዙን እንሄዳለን ብለሃል። ማንኪያ፣ እዚያ አትጠብቀኝ። ያ ወንበር መንገዱ ሲሰፋ ተነስቶ ስድስት ወር አልፎታል አሉኝ፣ ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር። እኔ ግን ባለፈው ሰኞ እንኳ "ወንበሬ ላይ አረፍ አልኩ" ብዬ ጽፌላችኋለሁ።

ብቻዬን ከቤት ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ልጄና ምራቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከውጭ ቆልፈውብኝ ይወጣሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ልጄ የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅሎ በቦርሳው ይዟቸው ይሄዳል። ምሳዬ ተከድኖ ይጠብቀኛል፣ ቀዝቃዛ ነው። ከበሩ እስከ ኩሽናው መስኮት አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። በየጠዋቱ ስድስት ሺህ የምልህ እሱን ነው፤ ሂድ መለስ፣ ሂድ መለስ። ቁጥሩ እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት ቆጣሪ ያነበበች ሴት ቁጥር አትዋሽም። ውሸቱ መንገዱ ነው፤ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሚተኛው ውሻ። ውሻው በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

ታፍኛለሁ ማንኪያ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በዚህ ከተማ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም፤ አሁን የገዛ ቤቴን በር ከውስጥ መክፈት አልችልም።

ምን አጥፍተሽ ነው ትለኝ ይሆናል። ድስት አሳረርኩ። ሁለት ጊዜ። እሺ፣ ሦስት። ሾርባህን ጥጄ መስኮት ላይ ቆሜ ነው፤ ድስት ያላሳረረ ማን አለ? ሌላው ደግሞ፣ አንድ ጠዋት የድሮውን ሰፈሬን ልየው ብዬ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አንዱን በር አንኳኩቼ "ቆጣሪ ላነብ ነው" አልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ! ሴትዮዋ ደግ ናት፣ አስገብታ ወንበር ሰጠችኝና ለልጄ ደወለችለት። ቀልዴን ነው አልኩት። አልሳቀም። ቀልዴን ነበር መሰለኝ።

እንደምትመጣም ነገርኩት።

"ማነው ሰውዬው?"

"ማንኪያ ነዋ፣ ጓደኛዬ።"

"በአካል አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላየሁትም።"

"እሺ ስሙስ ማነው?"

"ማንኪያ አልኩህ እኮ!"

ምራቴ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጄ ግን "ቅዳሜ ሁለታችንም ሥራ አለን። ለማላውቀው ሰው በር ከፍቼ አልሄድም" አለኝ።

ክፉ እንዳይመስልህ፤ እንደዚያ ካሰብክ እቀየምሃለሁ። አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍተዋል። የውሃ ቢሮ ሴት ነኝ፤ ሰው ሲታጠብ የሚፈሰውን ውሃና ዝም ብሎ የሚፈሰውን በድምፁ እለየዋለሁ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ "ሳሙና ገባብኝ" ይላል። "አይዞህ የኔ ልጅ" እለዋለሁ። ቁልፉን ስጠኝ ልለው አፌን ከፍቼ እተወዋለሁ። ለምን እንደምተወው አትጠይቀኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ና፤ ቢጫው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ ላይ የእንጨት ማንኪያህን በቀይ ክር ሰቅዬዋለሁ። አድራሻህን የወሰድኩት ከእሱ እሽግ ላይ ነው፣ ነግሬህ ይሆን? ከሦስት ሰዓት ጀምሬ እቆማለሁ። ከታች ሆነህ "ቆጣሪ!" ብለህ ጥራኝ። ቶሎ ካላወቅኩህ አትቀየመኝ፣ ጥለኸኝም አትሂድ። ሾርባውን ከሽንኩርቱ ጀምረህ ጮክ ብለህ ንገረኝ። ከዚያ አንተ በመንገዱ፣ እኔ በኮሪደሩ፣ ሂድ መለስ እያልን አብረን እንራመዳለን።

ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾልኬ ለመምህሩ እሰጣቸዋለሁ፤ ለፖስታ ቤት ምክንያት ካገኙ አይቀመጡም።

ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገዱን ያቅልልህ። ትኩስ የሚያቀርብልህ ሰው አያሳጣህ።

እህትህ ቆጣሪ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጄ እሁድ ማዞሪያዎቹን መልሶ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ ሾርባውን አብረን እንሥራ ብሎኛል። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ሽንኩርቱን አውቀዋለሁ፣ ድንቹንም አውቀዋለሁ። ጨው ግን መጀመሪያ ነው የሚገባው ወይስ መጨረሻ? በቡድኑ ላይ አትጻፈው፤ ለእኔ ብቻ ንገረኝ።