ማኅተምዎ የሸፈናቸው እጆች

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ስርጭት ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና ነው? እኔ መስማት ከተሳናት እናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እኛም ደህና ነን እንዳልልዎ የሚከተሉት ጥቃቅን ነገሮች ከለከሉኝ።

፩. አሮጌው ቴሌቪዥናችን ሥዕሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆኖም በስተቀኝ ታች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ቆሞ ፊደል ላልቆጠረችው እናቴ ዜናውን በእጆቹ ይነግራት ነበር። በትእዛዝዎ መሠረት ዲጂታል መቀበያ ገዝተን ስንከፍት፣ «ጥራቱ የተረጋገጠ» የሚለው ማኅተምዎ እዚያው ቦታ ላይ ተደላድሎ ጠበቀን። ከሰውዬው የተረፈው ከአገጩ በላይ ያለው ብቻ ነው። ጥራቱን ግን አልክድም፤ የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

፪. እናቴ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችምና ዜናውን ከቅንድቡ ማንበብ ጀመረች። ባለፈው ወር ፊቱ ሲኮሳተር አይታ ዝናብ ሊመጣ ነው ብላ የተሰጣውን ልብስ እየሮጠች አስገባች፤ ደክሟት ስለነበርም ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከቧንቧ ቀድታ ጠጣች። ለካስ ሰውዬው የሠፈራችን ውሃ ተበክሏልና እንዳትጠጡ እያለ ኖሯል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አራት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች፤ ክቡርነትዎ፣ የማጣት መስሎኝ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

፫. አቤት ልል ብመጣ፣ ሠራተኛዎ በፍጹም ትሕትና ቅሬታ የሚቀርበው በተጎጂዋ በራሷ፣ በስልክ፣ በገዛ ድምፅዋ ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ስለ መስተንግዶው እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ አንገቱን አሳምሬ እጅጌውን የረሳሁትን ሸሚዝ ባስረክብ ደንበኛዬ ፊቴ ላይ ይወረውርልኛል፤ እርስዎ ዘንድ ግን ይኸው ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። የስክሪኑ ግራ ጥግ ባዶውን ነው፤ ማኅተምዎ ወደዚያ ቢዛወር ክብሩ የሚቀንስ አይመስለኝም።

አገር ሁሉ ጥርት አድርጎ እንዲያይ ስለደከሙልን እያመሰገንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእናቱ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ በእጄ ተርጉሜላት፣ እርሷም በእጇ አንዲት ቃል ጨመረችልዎ። በክብር ደብዳቤ ላይ የምትጻፍ ዓይነት ቃል አይደለችም። በቴሌቪዥን፣ በስተቀኝ ታች ቆማ ብታሳይዎ ግን ማንም አይቀየማትም፤ ማኅተምዎ ይሸፍናታል።