በነጭ ሽንኩርቱ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቋቁር ዝንቦች

እሑድ፣ ሰኔ 8

ዛሬም አሉ። ከትናንቱም በዝተዋል። ጥቋቁር ናቸው፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። አየር ላይ እንደተሰቀሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እጄን ሳስጠጋ ወደ ጎን ሸሸት ይሉና ተመልሰው እዚያው።

እትዬ ዘነቡ ሊያርሙ መጥተው አዩአቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡ ወዲህ የጓሮዬን እኩሌታ የሚያለሙት እርሳቸው ናቸው። ነጭ ሽንኩርቱ የእርሳቸው ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም። መድኃኒት ይረጭበት» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ሳቅኩ። «ወዳጆቻችን ናቸው፤ ትሎቻቸው ቅጠል የሚመጠውን ክሽክሽ ይበሉልናል። እንዳይነኳቸው።»

እሺ አሉ። እኔን ሁልጊዜ እሺ ነው የሚሉኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ለማረጋገጥ አንዷን በብርጭቆ ያዝኩ። በአጉሊ መነጽር ያየሁት፦

ክንፍ፦ ሁለት ብቻ። ንብም ተርብም አይደለችም።
ሆድ፦ ጥቁር፤ ግራና ቀኝ ጨረቃ የሚመስል ግራጫ ምልክት። ወዳጆቹ ላይ የሚታየው ቢጫ መስመር የለም።
የኋላ እግር፦ ጭኑ ወፍራም። ይህን አላውቀውም።

ሌላም የከነከነኝ አለ። ጎመኑ ክሽክሽ ለብሷል፤ አንዲት ዝንብ ግን አልደረሰችበትም። ሁሉም ነጭ ሽንኩርቱ ዘንድ ናቸው፣ ያውም መሬት ለመሬት። ወዳጅ ከሆኑ እዚያ ምን ይሠራሉ?

ለእትዬ ዘነቡ አልነገርኩም። ዝም ብዬ እያየሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ፎቶውን ለቀድሞ ተማሪዬ ላክሁለት፤ አሁን የሰብል ባለሙያ ነው። ወዲያው ደወለ። «ቲቸር፣ ይቺ ትሏ ሽንኩርት ውስጥ የምትኖር ዓይነት ትመስለኛለች። አንዱን ይንቀሉና ይዩት።»

ቅጠሉ ቢጫ የሆነውን ያዝኩ። ሳልስበው መጣ። ራሱ ላልቷል፤ ይሸታል፤ ውስጡ ትል ይርመሰመሳል። ሁለተኛውም። አምስተኛውም።

«እንዳይነኳቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ቆመው ነበር። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የመጣ ነው» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው መንቀል ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ተማሪዬ ራሱ መጣ። ትሉን ዞር ብሎም አላየው። የሥሩን አፈር በጣቱ ጠረገና አሳየኝ፦ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩ ከጤፍ የሚያንሱ ጥቋቁር ፍሬዎች።

«ዝንቧ የመጣችው የበሰበሰ ሸትቷት ነው። ገዳዩ ይሄ ነው፤ ቲቸር። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከእንግዲህ እዚህ ቀይም ነጭም ሽንኩርት እንዳይተከል።»

«መድኃኒት ብንረጭስ ኖሮ?»

«ዝንቧን ይገድላት ነበር። ሻጋታውን አይነካውም።»

ይህን ስሰማ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አልቀለለኝም። ወዲያው ሌላ ጠየቀኝ፦ «ከዚህ ጓሮ ለዘር የወሰደ ሰው አለ?»

ጌታቸው! አንኮበር ያለው ወንድሜ። በሚያዝያ ከመጀመሪያው መደብ ስንነቅል አንድ ጆንያ ሙሉ ከእትዬ ዘነቡ ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ለክረምቱ ሊተክል።

ስድስት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱን ጉም ውጦት ሾፌሩ እየተንፏቀቀ ነው የነዳው። ጌታቸውን ከቅዳሴ ሲመለስ አገኘሁት።

«ተክለኸዋል?»

«ግማሹን። የላይኛው መደብ ላይ። ምነው፣ ሰው ሞተ?»

ነገርኩት። አሁኑኑ ይነቀል አልኩ። በድንጋጤ አየኝ። «በሚካኤል? አፈር ልቆፍር? ሰውስ ምን ይላል?»

ለመንኩት፤ ተቆጣሁ። እምቢ አለ። ከመደቡ በታች የጎረቤቱ የአቶ ሸዋንግዛው ማሳ ነው። ዝናብ ከመጣ አፈሩን አጥቦ እዚያ ያወርደዋል። ደጃፍ ተቀምጠን ሰማዩን ስናይ ዋልን።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዝናቡ ወረደ። ዶማውን አንስቼ ወጣሁ፤ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን ብዬ። ከመደቡ ግርጌ አፈር እየቆለልኩ መገደብ ጀመርኩ። ውሃው ይጥሰዋል፤ እደፍናለሁ፤ ይጥሰዋል። ቀና ስል ጌታቸው በነጭ ልብሱ፣ ድንጋይ ታቅፎ።

«ድንጋይ አፈር አይደለም» አለና አስቀመጠው። ሌላ ሊያመጣ ሮጠ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ገና ጎህ ሲቀድ ቆፈርነው። ከነአፈሩ ጆንያ ውስጥ። ያልተተከለውንም ከቤት አወጣን። ሁሉም ነጭ፣ ጤነኛ መሳይ፤ አዲስ ሥር አውጥቷል።

«ንጹሕ ነው እኮ» አለ ጌታቸው፣ አንዱን እያገላበጠ።

«ለእኔም ንጹሕ መስሎኝ ነው የሰጠሁህ።»

አቃጠልነው።

ግድቡ በአንድ በኩል ተደርምሷል። ሌሊት ጭቃው እስከ አቶ ሸዋንግዛው ማሳ ጥግ ወርዷል። ብዙ አይደለም፤ ግን ወርዷል። ዝም እንበል ብሎ የሚያስብ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አየሁ፤ የወንድሜም የእኔም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ጌታቸው እጁን ታጠበና ወረደ።

ከደጃፍ ሆኜ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የአቶ ሸዋንግዛው ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። «ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርት ላስገባበት አልነበር!» ሲሉ ሰማሁ። አሁን ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጭቃውን እየዛቁ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። የቱ ድረስ እንደሄደ አያውቁም። እኔም አላውቅም። ከቆላው በኩል ደመናው ደግሞ እየወጣ ነው።

ሦስተኛ አካፋ አግኝቻለሁ። ልውረድ።