የአንደኛው ጠረጴዛ ወንበር

ዲሊ፣ ቢዳው ሰፈር
ሴፕቴምበር 9

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ልጄ ለጁቬንሲዮ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ዱሮው ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል። እዚያ አየርላንድ ብርዱ ሊጀምር ነው አሉኝ። የላክሁልህን ሹራብ ልበሰው። ቀለሙን ባትወደውም ከውስጥ አድርገው፤ ማን ያይብሃል?

የቼዝ ውድድሩ አለቀ። እንዴት እንዳለቀ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስለ አንተም እዚህ የሚወራ ነገር አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

አባትህን ታስታውሰዋለህ፣ አንተ የሄድክ ሰሞን የቼዝ ገበታውን ፊቱ ዘርግቶ ብቻውን ሲቀመጥ። አንድ ቀን ቀና አለና «ዴኦሊንዳ፣ ልጆቻችን ሁሉ ወደ ዓለም ሄዱ። እስቲ አንድ ጊዜ ዓለም ወደ እኛ ይምጣ» አለኝ። «ሲመጣ የት ልታሳድረው ነው? ዶሮ ቤት?» ብዬ ሳቅሁበት። ሰውየው ግን የምሩን ነበር። ለማኒላ ጻፈ፣ ለኩዋላ ላምፑር ጻፈ፣ ለሱራባያ ጻፈ። እሺታቸው መምጣት ሲጀምር እሱ ታመመ፣ ከዚያ ጥሎን ሄደ። የቀረችው ቼዝ የማታውቅ ሚስቱ ናት። ፈረሱ ለምን ጠማማ እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ብተወው የሚወቅሰኝ አልነበረም። አንተ ግን በስልክ «እማዬ፣ አድርጊው፤ እመጣለሁ። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ስሜን ጻፊ» አልከኝ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ! የውድድሩን መዝጊያ ከአባትህ ሙት ዓመት ዋዜማ ጋር ገጠምኩት። ልጄ ይጫወታል፣ በማግስቱ ደግሞ ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የከረመውን የሐዘን ጥቁር ጨርቅ በእጁ ይፈታልኛል አልኩ። ለቀብሩ አለመምጣትህን የመንገዱ ርቀት ነው ብዬ ለሁሉም አስረድቻለሁ፤ ለጥቁር መፍቻው ከመጣህ ያም ይረሳል። ሌላ ምኞት አልነበረኝም ልጄ፤ ቼዙም ቢሆን ለእኔ አንተን መጥሪያ ነበር።

አዳራሹን የቤተ ክርስቲያኑ አባ ሰጡን። ጠረጴዛውን ከየትምህርት ቤቱ ለቀምነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ አንካሳ። የሰበካው ሴቶች በየጠረጴዛው አበባ አስቀመጡ። እኔ የየተጫዋቹን ፎቶግራፍ በካርቶን ላይ ለጥፌ ስሙን ከሥሩ ጻፍኩ። ያንተን ያን በነጭ ሸሚዝ የተነሳኸውን አደረግሁ። እንግዶቹን ሰፈሩ ተካፈላቸው። ለእኔ የማኒላው ሰውዬ ደረሰኝ። እሱን አልጋዬ ላይ አስተኝቼ እኔ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ፤ ያንተ አልጋ ተነጥፎ ይጠብቅህ ነበር።

ዳኛዋ ከሱራባያ የመጣች ሃንዳያኒ የምትባል ሴት ናት። ድምጿ ቀጭን፣ ሥርዓቷ ወፍራም። መጀመሪያ ያደረገችው የሰውን ሁሉ ስልክ በሩ ላይ መሰብሰብ ነው። አጎትህ ዜፌሪኖ ታዲያ የሚያዋጋውን አውራ ዶሮ ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ።

«ዶሮው አይገባም» አለችው።

«ፍልሚያ ነው ብላችሁ ጠርታችሁኝ ዶሮዬን ትቼ ልምጣ? ስልክ የከለከልሽው ስለሚጮህ ነው። የእኔ ጌታ ካልነኩት አይጮህም፤ ከብዙ ሰው ይሻላል።»

ገብቶ ሳይቀመጥ ዶሮው አዳራሹን በጩኸት አናወጠው። ዜፌሪኖም «ነክተውት ነው» አለ። ሃንዳያኒ ራሷ ሳትወድ ሳቀች። ብታይ ኖሮ አንተም ትስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዜፌሪኖን አውሮፕላን ማረፊያ ላክሁት። የዳርዊኑ ሲያርፍ ቆሞ፣ የባሊው ሲያርፍ ቆሞ፣ ብቻውን ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ተቀምጧል፤ የአንደኛው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ሃንዳያኒ ወደ እኔ መጣች።

«እማማ፣ የልጅሽን ሰዓት ማስነሳት አለብኝ።»

«አስነሺው» አልኳት። «እሱም መንገድ ላይ እየሮጠ ነው።»

አስነሳችው። እዚያ ባዶ ወንበር ፊት ሰዓትህ ሲሮጥ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ፎርፌ አለች። ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ከኩፓንግ የመጣ ሽማግሌ ያሸነፈ ሳይሆን የሰረቀ ይመስል አቀርቅሮ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ያው ሆነ። ሁለት ጊዜ የቀረ ተጫዋች ይሰረዛል ስትለኝ እጇን ያዝኩ። «እኔም እናት ነኝ፤ እስከ ነገ» አለችኝ።

ያን ቀን ማታውኑ የአክስትህ ልጅ አብራኦ ጋ ደወልኩ። አብሮህ እንደሚኖር አውቃለሁ። «አክስቴ፣ እሱ ሰላም ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው፤ አሁን እዚህ የለም» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ከኋላው አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ።

ልጄ፣ ትንሽ ሆነህ ድብብቆሽ ስንጫወት በር ኋላ ተደብቀህ ሁልጊዜ ያስይዝህ የነበረው ያ ሳል ነው። ሳቅህን ልታፍን ስትል የምትስላት። እዚያ ነበርክ። አብራኦን ምንም አላልኩትም፤ «ብርድ እንዳይመታው ሹራቡን ይልበስ በልልኝ» ብዬ ዘጋሁ። እግዜር ይመስክር፣ አባትህ ከሞተበት ቀን በላይ ያ ሰዓት ከበደኝ።

በማግስቱ ግን እያወቅሁ አንደኛውን ጠረጴዛ አሰናዳሁ። ሞኝ በለኝ። ለሚመጣ እንግዳ የሚታኘክ ማሉስ ይቀርብለት የለ? ቅጠሉን፣ ፍሬውን፣ ኖራውን በአባትህ ቅርጫት አድርጌ ከገበታው አጠገብ አስቀመጥኩልህ። ለእንግዳም ለሙትም የምናቀርበው አንድ ዓይነት መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ሲመሻሽ መብራት ጠፋ። እንደ አመሉ ነው፣ ይህ አልተለወጠም። ጨዋታው መሀል ላይ ስለነበር ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሻማ አምጥተው በየጠረጴዛው አበሩ። ያንተም ላይ አበሩ።

በዚህ መሀል አክስቴ ቡይ ሌካስ ለጥቁር መፍቻው ከተራራው ወርዳ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ አዳራሽ ገባች። ምን አየች መሰለህ? ባዶ ወንበር አየች። ያንተን ፎቶ፣ ሥሩ ስምህን፣ አበባ፣ ሻማ፣ ማሉስ።

«ውይ ጁቬንሲዮ! ውይ የአናክሌቶ ፍሬ! አባትህን ተከትለህ ሄድክብን?»

ድምጿን ታውቀዋለህ፤ ከባሕር ማዶ ይሰማል። ውጭ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። ከዚያ ሰፈሩ ተቀበለ። ዜፌሪኖ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ሲጭን ዶሮው አመለጠ፤ በጠረጴዛዎቹ ላይ እየሮጠ ንጉሡንም ወታደሩንም አንድ ላይ ገለበጠ፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ሃንዳያኒ እየዞረች ሰዓቶቹን ሁሉ አቆመች። እንግዶቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቆመው አጎነበሱ።

«አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «አክስቴ ተዪ፣ ልጄ አልሞተም!»

«ታዲያ የት አለ?»

ዓይኔን ወደ ሻማው መለስኩ።

«ንገሪና የት አለ? ዕድሜውን ሙሉ አባቱ ጭን ላይ ያደገ ልጅ፣ በሕይወት ካለ ለአባቱ ጥቁር መፍቻ ይቀራል? ለቀብሩም ቀረ፣ ሩቅ ነው አልሽን። እንዲህ ያለ ልጅ አንቺ አልወለድሽም ዴኦሊንዳ፤ በእጄ አዋልጄሽ አውቀዋለሁ። አትደብቂን፤ እናልቅስለት።»

አየህ ልጄ፣ ሞተ ያለችው ክፉ አስባብህ አይደለም። ክፉ ማሰብ አቅቷት ነው።

ምላሴ ላይ ነበር። «አለ፣ ትናንት ሲስል ሰምቼዋለሁ» ብል ለቅሶው ባንዴ ይቆም ነበር። ከዚያስ? ያ ሁሉ ያለቀሰልህ አፍ ወደ ምን እንደሚዞር አውቃለሁ። አባቱን ያልቀበረ፣ እናቱን በጥቁር ያስቀረ ሊሉህ ነው፤ ስምህ ሲጠራ ምራቃቸውን ሊተፉ ነው። ፎቶህን አየሁት፣ በነጭ ሸሚዝ። ሄጄ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና አፌን ዘጋሁ። እነሱ ዝምታዬን እንደ መርዶ ወሰዱት። ከሚረግሙህ ቢያለቅሱልህ ይሻላል ብዬ ተውኳቸው፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ የእኔ ለቅሶ ውሸት አልነበረበትም።

ውድድሩን የማኒላው ሰውዬ በላ። በመዝጊያው ላይ ሃንዳያኒ ሁሉንም አስነስታ ለአንተ የኅሊና ጸሎት አደረጉ። የኩፓንጉ ሽማግሌ በፎርፌ ያገኘውን ነጥብ አልፈልግም ብሎ አስቸገራት። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ለአንተ ብለው አቀርቅረው ቆሙ። አባትህ የተመኘው ሆነ፤ ዓለም ወደ እኛ መጣ፤ ለቅሶ ደርሶ ተመለሰ።

እውነቱን የነገርኩት ለአባ ብቻ ነው። ተቆጡኝ። «ለሕያው ሰው የሙታን ቅዳሴ አልቀድስም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለመንገደኛ የሚጸለየውን እጸልይለታለሁ» አሉኝ። በየእሑዱ እየጸለዩልህ ነው። እዚያ ካሉት የሰፈር ልጆች አንዱ አየሁት ብሎ የደወለ ቀን ነገሩ ይገለጣል፤ ያን ቀን የሚመጣብኝን እኔ እችለዋለሁ። ወሬው ቀድሞህ ቢደርስ ግን እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እንዳትናደድባቸውም፤ በክብር ነው የተለቀሰልህ።

በማግስቱ የአባትህን መቃብር በአበባ ሸፍነን ጥቁሩን ፈታን። የእኔን አክስቴ ቡይ ሌካስ ፈታችው፤ ሌላ ማን ነበር? ፈትታ ሳትጨርስ ከመቀነቷ አዲስ ጥቁር አውጥታ እዚያው ቦታ ላይ ሰካችልኝ። «ይኸኛው የልጅሽ ነው» አለችኝ። እጇን አልያዝኩትም። ይኸው አሁን ስጽፍልህ ደረቴ ላይ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ እግርህ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልህ። የምትበላው ይስማማህ፣ የምትተኛበት ይሙቅህ፣ ክፉ አይይህ። ለአብራኦ ሰላም በልልኝ፤ አልተቀየምኩትም። የማኒላው ሰውዬ ሲሄድ አልጋዬ ተመልሶልኛል፤ ያንተም እንደተነጠፈ ነው።

ስትመጣ ግን በቀን ና። ሲጨልም ከመጣህ መንፈስ መስለሃቸው ይሸሹሃል፤ አክስቴ ቡይ ሌካስማ ባለችበት ትቀራለች። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው በኩል፣ ሁሉ እያየህ ና። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ይህ ጥቁር ደግሞ እንደ አባትህ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም፣ አንተው መጥተህ ትፈታዋለህ።

እናትህ
ዴኦሊንዳ