እግሬ የለመደው ፍሬን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ዘገየሁ። የላብራቶሪው ኃላፊ ሰዓቱን እያየ፣ "ሁለተኛህ ነው። ሦስተኛ ካመጣህ ሌላ ሰው ነው የምፈልገው" አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም... ምን ልበለው? ከሜዳማው ከተማ ይዤው የመጣሁት ብስክሌት የእናንተን ዳገት አይወጣም ልበል? ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ግማሹን መንገድ እየገፋሁ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ብስክሌት ጠጋኙ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። የእኔን አየና ሳቀ። "ማርሽ የለው፣ ክብደቱ የበሬ። ይሄ ለሜዳ ነው፣ ልጄ።" በባለ ማርሽ ቀላል ብስክሌት ለወጥኩ። ስወጣ ጠራኝ።
"ያንተ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ ነበር የሚይዘው። የዚህ ፍሬን በእጅ ነው። እግር ልማዱን ቶሎ አይተውም፤ ሳምንት ብቻህን ንዳ።"
ሃያ ዓመት የነዳሁትን እኔን መንዳት ሊያስተምረኝ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣሁት። ሽማግሌው ያለውን ለሚስቴ ነገርኳት። አይ አፌ። "ሳምንቱ ሳይሞላ ልጄን ጫንና እንተያያለን" አለች። ቃል ገባሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዛሬ ጠዋት እንቅልፍ ጣለኝ። ሚስቴ በማለዳ ወጥታለች። ሦስተኛዬ ሊሆን... ልጄን ከኋላ ጫንኳት።
የትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ላይ ልጆች መንገድ ሲያቋርጡ አየሁ። ወደ ኋላ ረገጥኩ። ባዶ። ደግሜ ረገጥኩ። ባዶ... እጄ ፍሬኑን መቼ እንዳገኘው አላውቅም። ልጆቹን ሸሽቼ አጥሩ ላይ ተላተምኩ። የልጄ ግንባር ሦስት ቦታ ተሰፋ። አላለቀሰችም። እሱ ነው የገደለኝ።
ሚስቴ አልጮኸችም። "ቃል ገብተህልኝ ነበር" ብቻ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ለኃላፊው ሳልደብቅ ነገርኩት። "ልጅህ እንዴት ናት?" አለ። ከዚያ የሙከራ ጊዜዬን አንድ ወር አራዘመው። እንኳንም አላባረረኝ... ግን ፊቱን ማየት አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
"ነግሬህ አልነበር" ይላል ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው ጓሮ ገብቶ አንድ አሮጌ ብስክሌት አወጣ፤ ማርሹ የኋላ ጎማው መሃል የተደበቀ፣ ፍሬኑ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ። ለካ እንዲህ ያለም አለ። ቀለሙ ተላጧል፣ ከባድም ነው። በስንት ጣዕሙ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
አሥር ቀን ብቻዬን ነዳሁ። ትናንት ሚስቴ ራሷ ነድታ ሞከረችውና፣ "እሺ" አለች። ዛሬ ልጄን ጫንኩ። እሷ እያወራች ዳገቱን ወጣን። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ወሬዋን አቆመች።
"አባዬ፣ እዚህ ልውረድ።"
"ይሄኛው ይይዛል እኮ፣ የኔ እናት።"
"አውቃለሁ።"
ወረደች። እኔም ወረድኩ። ብስክሌቱን በአንድ እጄ፣ እሷን በሌላው ይዤ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በእግራችን ሄድን። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ከነገ ጀምሮ አሥር ደቂቃ ቀድሜ እነሳለሁ።